ነጩ ሽቦ ወደ ውጭ

ዕድሜዬን ሙሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ቁልፍ በኪሴ ይዤ ስውል፣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው፤ ፊቱን የማየው ቀጥዬ ነው። እጁ ባዶ ከሆነ ምን ሊወስድ መጣ እላለሁ፤ ዕቃ ከያዘ ደግሞ ምን ሊደብቅ ነው እላለሁ። ባለቤቴ፣ "አንተ ሰው፣ እኔንም ፈርመህ ነው የተረከብከኝ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን መጠርጠርን እንደ ሙያ ቆጥሬው አላፈርኩበትም። ዘመኑም የሚጠረጥር ሰው የሚከበርበት ዘመን ነበር።

ከመሥሪያ ቤታችን ጋር በከብት እርባታ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት በኋላ አገር ለቆ እንዲወጣ ሲነገረው ዕቃውን ለምናውቀው ሠራተኞች አደለ። ለእኔ የደረሱኝ ሁለት እስፒከሮች ናቸው። እስፒከር ስል ሰው የሚያውቀውን ዓይነት ሣጥን እንዳታስቡ። እነዚህ እንደ በር ሳንቃ ረጃጅምና ስስ ነበሩ። ቁመታቸው ትከሻዬ ድረስ ይመጣል፣ ውፍረታቸው ግን አንድ ጣት ቢሆን ነው። ከፊትም ከኋላም ጨርቅ ለብሰዋል፤ ውስጣቸው ስስ ላስቲክ ተወጥሯል፤ ድምፁን የሚያወጣው ያ ላስቲክ ወደፊትና ወደ ኋላ ሲርገበገብ ነው። ከኋላ በኩል ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት ሁለት ብሎኖች አሏቸው፤ ከሁለቱ በአንደኛው አጠገብ ፈረንጁ ቀይ ነጥብ ቀብቶበታል።

እነዚህ ሳንቃዎች ያለ ማጉያ ዕቃ አይደሉም። ማጉያውን ደግሞ የሰጠው ለእኔ ሳይሆን አስተርጓሚው ለነበረው ባልደረባዬ ነው። አናቱ ላይ እንደ ድሮ ራዲዮ ቫልቮች የተደረደሩበት፣ ሲሞቅ ቀይ የሚበራ፣ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያነሣው ብረት ነው። ማጉያውን ለአንዱ፣ እስፒከሮቹን ለሌላው ለምን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ተስማምተው ይኖራሉ ብሎ ይሆናል።

ባልደረባዬ የሀዲያ ሰው ነው፤ ፕሮቴስታንት፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ቃላቱን መርጦ የሚናገር። እሱን "ባለ ማጉያው" እያልኩ ልጥራው። ማጉያውን እንዲተውልኝ ጠየቅሁት፤ እምቢ አለ። ሳንቃዎቹን ልውሰድ አለኝ፤ እኔም እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ሁለታችንም ያልወደድነው ስምምነት ላይ ደረስን። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለ፣ ማጉያውን በጋቢ ጠቅልሎ ተሸክሞ ከከተማው ዳር እኔ ቤት ይመጣል። ሰምተን ስንጨርስ ማጉያው እስኪበርድ ሻይ እንጠጣለን፤ ከዚያ እንደገና ጠቅልሎ ይወስደዋል። አንድ ቀን እንኳን አሳድሮት አያውቅም። መንገድ ላይ አብዮት ጥበቃዎች ምን ተሸክመሃል ሲሉት "ራዲዮ" እያለ ያልፍ ነበር።

ቴፑ የእኔ ነው። እኔ የምወደው ዘፈን ነው፤ ጊታሩ ወፍሮ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው የቤቴ ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ካሴት ይዞ ይመጣል። ካሴቱ ላይ ዘፈን የለም። አንድ ሽማግሌ በሀዲይኛ ይናገራል፤ ድምፁ እንዲህ ያለ ወፍራም ሆኖ ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይመስልም። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ሀዲይኛዬ ቅቤ ከመግዛትና ሰላም ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ሽማግሌው ምን እንደሚል አልሰማም፤ የምሰማው ድምፁን ብቻ ነው።

ያ ድምፅ የሟች አባቱ ድምፅ ነበር። ይህን አሁን አስቀድሜ የምናገረው እኔ ያኔ ባለማወቄ የሠራሁት እንዲታወቅ ነው። ፈረንጁ ስለ ከብት ሊጠይቃቸው ሄዶ ነው የቀዳቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በተራ ቴፕ ሲሰማ ያ ድምፅ ቀጥኖ የትንኝ ድምፅ ይሆናል። እንደ ነበረ ሆኖ የሚሰማው በእነዚያ ሳንቃዎችና በዚያ ማጉያ ብቻ ነው። ባለ ማጉያው ያን ብረት በየሳምንቱ የሚሸከመው ለዚህ ነበር። ለምን አልነገረኝም? አባቱ በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም፣ የመንደር ገዥ ነበሩ፤ የጭቃ ሹም ልጅ መሆን ደግሞ በዚያን ጊዜ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚወራ ነገር አልነበረም።

"ምን ይላል ሰውየው?" ብዬ ጠየቅሁት በመጀመሪያው እሁድ።

"ስለ ከብት ነው" አለኝ።

ሰው ስለ ከብት ለመስማት ያን ሁሉ ብረት ይሸከማል? አላመንኩትም። ደግሞ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። የመጀመሪያዋን አሥር ደቂቃ ያህል ይሰማና ያጠነጥናል፣ እንደገና ይሰማል፣ እንደገና ያጠነጥናል። በዚያች ቦታ ላይ ሽማግሌው ፍጥነቱን ጠብቆ አንድ ነገር ይደረድራል፤ ባለ ማጉያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆማል። እኔ ከኋላው ተቀምጬ አንገቱን አያለሁ። ስለ ከብት ከሆነ ፊትን ማዞር ምን ያስፈልጋል እያልኩ አስብ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሳለን መስቀል ደረሰ። በእኛ አገር ለመስቀል የማይነቀል ዕቃ የለም። ባለቤቴ ቤቱን ሙሉ አውጥታ ወለሉን አጥባ፣ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ለጥፋ፣ ሁሉን ወደ ቦታው መለሰች። ሳንቃዎቹ ከግድግዳ አንድ እርምጃ ተኩል ርቀው እንዲቆሙ ፈረንጁ ነግሮን ነበር፤ እሷ ግን ከመጀመሪያውም ደስ አላላትም። "ቁጭ በሉ ያልተባሉ እንግዶች ይመስላሉ" ትል ነበር። እንደ ሶፋውና እንደ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር አጣብቃ አቆመቻቸው፤ አናታቸው ላይ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል ወደ ኋላ ተርፎ እስከ ብሎኖቹ እስኪወርድ አለበሰቻቸው።

ከመስቀል በኋላ በነበረው እሁድ ባለ ማጉያው መጣ፤ ሽቦዎቹን ከማጉያው ጋር አሰረ፤ ካሴቱን አስገባ። ሽማግሌው ቀጥኖ መጣ። ወፍራሙ ድምፅ የለም፤ አንድ የታመመ ሰው ከሩቅ የሚያወራ ይመስላል።

ባለ ማጉያው ዘወር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ እሱን፣ እሱ እኔን ጠርጥረናል።

መጀመሪያ ሳንቃዎቹን ከግድግዳው አራቅናቸው። ለውጥ መጣ፤ ትንሽ። በሚቀጥለው እሁድ እንዳይወዛወዙ እግራቸው ላይ ከባድ ድንጋይ ጫንንባቸው። የባሰ የለም፣ የተሻለም የለም። እሱ ቫልቮቹን እያወጣ በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣ ቦታ አቀያየረ። እኔ ምንጣፉን አነሣሁ፣ መጋረጃውን አወረድኩ። የማጉያውን ሽቦዎች እሱ ፈትሾ ልክ ነው አለ፤ ነጩ በነጩ ቦታ፣ ጥቁሩ በጥቁሩ ቦታ። የሳንቃዎቹን እኔ ከጎን ሆኜ አየሁ። በሁለቱም ላይ ነጩ ሽቦ ወደ ውጭ፣ ጥቁሩ ወደ መሃል ሆኖ በጥሩ ሁኔታ ታስሯል። እንዲህ ንጹሕ የሆነ አስተሳሰር አይቼ አላውቅም። ዳንቴሉን ገልጬ ቀይ ነጥቡን ማየት አልታየኝም። ዕድሜ ልኬን የተዝረከረከ ነገር ነው የጠረጠርኩት፤ የተስተካከለ ነገር ያስጠረጥራል ብዬ አላስብም ነበር።

እሁድ ላይ እሁድ ተደራረበ። እኔ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ማጉያውን ሆን ብሎ አበላሽቶታል፤ ተስፋ ስቆርጥ ሳንቃዎቹን ውሰድ እንድለው። እሱ ያሰበውን በኋላ ነገረኝ፦ ውስጣቸውን ፈትቼ አንድ ነገር የሸጥኩ መስሎት ነበር። ሻዩን እየጠጣን እሱ ሳንቃዎቹን፣ እኔ ማጉያውን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ጠረጴዛው ስር ጎንበስ ብሎ ሲቆይ ምን ትሠራለህ አልኩት፤ ጫማዬን ነው አለ። የጫማው ክር በእርግጥ ተፈትቶ ነበር። ይህም አላሳመነኝም።

በመሥሪያ ቤታችን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረን። ከውይይቱ መጨረሻ ሂስና ግለ ሂስ አለ። ዝም ማለት አይቻልም፤ ዝም ያለ ሰው ንቃት ይጎድለዋል ተብሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ዘዴ ነበረን፦ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ጥፋት ፈልጎ ማቅረብ። እገሌ ሲጋራ መሬት ላይ ይጥላል፣ እገሊት ስልክ ታበዛለች። የተነቀፈው ተነሥቶ ሂሱን ተቀብያለሁ ይላል፤ ሻይ ይመጣል፤ እንለያያለን። ችግሩ ትንሽ ነገር እያለቀ መሄዱ ነው።

አንድ ቀን ባለ ማጉያው ተነሣና፣ "ጓድ ግምጃ ቤቱን ከምሳ በኋላ ዘግይቶ ይከፍታል" ብሎ ነቀፈኝ። እውነት ነው። ቀላል ሂስም ነው፤ ዛሬ ሳስበው ለእኔ አዝኖ የመረጠልኝ ይመስለኛል። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። በወፍራሙ ድምፅ፣ በቤዙ ሰበብ ነው የመጣብኝ አልኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

"ጓድ ዘወትር እሁድ ቤቴ ይመጣል። ሽቦ ያገላብጣል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው በግልጽ አይነግረኝም" አልኩ።

እምላለሁ፣ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው። ሰዎች ይስቃሉ፣ እሱም ሂሱን ተቀብያለሁ ይላል፣ በሚቀጥለው እሁድም ግልጽ ይሆናል ብዬ ነው። ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣ።

"የምን ሽቦ?"

"የማጉያ።"

"ማጉያውን ከየት አመጣው?"

"ፈረንጁ ነው የሰጠው።"

"የትኛው ፈረንጅ? የተባረረው?"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የዕድሜ ልክ ልማዴ ግን ያየሁትን ሁሉ መዘርዘር ነውና ቀጠልኩ፤ የሚበሩት ቫልቮች፣ ጋቢው፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚናገረው ካሴት፣ እየተመለሰ የሚሰማት ቦታ። ባለ ማጉያው ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ተነሥቶ "ሂሱን ተቀብያለሁ" አለ፤ ድምፁ በጭንቅ ይሰማል። ሻይ አልመጣም።

በማግስቱ ወሰዱት። ማጉያውንና ካሴቱን ከቤቱ አወጡ። የእኔን ሳንቃዎች አልነኳቸውም፤ እኔ ጠቋሚ ነኛ።

በሦስተኛው ቀን ቃሌን በድምፅ እንድሰጥ ጠሩኝ። ጸሐፊው ቴፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ መሳቢያ ከፍቶ ካሴት ፈለገ፤ አንድ አገኘና ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ አስገባ። የትኛው ካሴት እንደሆነ አላየሁም። እጅ የማየት ልማዴ በዚያች ቀን ከዳኝ፤ የማየው ጫማዬን ነበር። በክበቡ ያልኩትን ሁሉ ደገምኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ባለቤቴ ቤት ስትጠርግ እኔ ሳንቃዎቹ ፊት ተቀምጬ ነበር። ምን እንደማስብ አላውቅም። ድንገት፣ "ዳንቴሉን አንሺው እስቲ" አልኳት። አነሣችው። ጎንበስ ብዬ ከኋላ አየሁ። በአንደኛው ሳንቃ ነጩ ሽቦ ከቀይ ነጥቡ አጠገብ ነው። በሌላኛው ከቀይ ነጥቡ አጠገብ ያለው ጥቁሩ ነው።

"ይህን ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ ነኛ" አለች ሳትደነግጥ፣ "የመስቀል ለት። አንተ ያሰርከው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነበር፤ ያስጠላል። ነጩን በሁለቱም ላይ ወደ ውጭ አደረግሁት፣ ፊት ለፊት እኩል እንዲሆኑ። ምነው፣ አጠፋሁ?"

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱ ሳንቃ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበው ነበር። ቀጭኑ ድምፅ እንደ ምንም ያልፋል፤ ወፍራሙ ግን መሃል ላይ ተገናኝቶ ይጠፋፋል። ያን ሁሉ ሳምንት ማጉያው ደኅና ነበር፣ ሳንቃዎቹ ደኅና ነበሩ፣ ሰውየውም ደኅና ሰው ነበር። በሕይወቴ ያልጠረጠርኳት አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ቤቷን ማሳመሯ ነው። ልቆጣት አልቻልኩም። ሽቦውን ፈትቼ በቀይ ነጥቡ ልክ አሰርኩት። የምሞክርበት ማጉያ ግን አልነበረም።

ሰኞ ቃሌን ልመልስ ብዬ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው "ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ። ሰዓት ጠየቅሁት። ነገረኝ። አመስግኜው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው፤ በክበቡ የተናገርኩት ሳይሆን ያን የጠየቅሁት ሰዓት ነው።

ባለ ማጉያው ሁለት ወር ያህል ታሰረ። ማጉያው ማጉያ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አንድ ባለሙያ መጥቶ አረጋገጠና ተፈታ። ወደ ትንሿ የጃጁራ ከተማ አዛወሩት፣ ዝቅ ባለ ሥራ። ከተፈታ በኋላ ሆሳዕና መጥቶ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ሱቅ ገብቼ የማልገዛውን ነገር ዋጋ እጠይቅ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተች።

"ደኅና ዋልሽ እህቴ" አለ። ትከሻው ላይ በጋቢ የተጠቀለለው ማጉያ አለ። ለገበያ በሚመላለስ የጭነት መኪና ነው ከጃጁራ የመጣው።

እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። "ካሴቱን መለሱልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እንድሰማ ይፈቅዱልኛል?" አለ። ለዓመታት አንተ ስንባባል ኖረን አንቱ አለኝ። አንቱታውን እንዲተው በመለመን ፈንታ ወንበር ሳብኩለት።

ስለ ሽቦው ነገርኩት። ቀይ ነጥቡን አሳየሁት፤ የማንም ተንኮል እንዳልነበረ፣ ዳንቴሉ እንደሸፈነው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱም እኔን በሌብነት ጠርጥሮ እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። ከዚያ፣ "የአባቴ ድምፅ ነው" አለኝ። "መጀመሪያ ላይ ትውልዳቸውን ይቆጥራሉ። ከአባት ወደ አባት፣ እስከ እኔ ድረስ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ንግግር የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከወንድሞቼ ቆጠራውን በሙሉ የያዘ የለም፤ እኔም ገና አልያዝኩትም። እየመለስኩ የምሰማው ለመያዝ ነበር።"

ቫልቮቹ ሞቁ። ካሴቱን አስገብቶ ወደ ልማዱ ቦታ ሄደ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቤዙ ወጣ። ከመስቀል በፊት እንደነበረው፣ ምናልባትም ከዚያ ይበልጥ፣ ወለሉ ስር ለስር መጣ። ቤቱን የሞላው ድምፅ ግን የእኔ ነበር። "ጓድ ዘወትር እሁድ ቤቴ ይመጣል። ሽቦ ያገላብጣል።" ጋቢውን፣ ቫልቮቹን፣ እየተመለሰ የሚሰማትን ቦታ፣ አንድም ሳላስቀር።

ተነሥቼ ላጠፋው ስል ሳይዞር እጁን አነሣ። እስከ መጨረሻው ሰማው። አሥር ደቂቃ ቆምን። ባለቤቴ ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ቀርታለች።

"ወፍራም ድምፅ አለዎት" አለኝ።

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። መስማቱን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያኔውኑ ካሴቱ ቀጭ አለና ሽማግሌው ከንግግራቸው መሃል መጡ። ደረት ውስጥ የሚገባ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። ከእሳቸው ድምፅ ጋር ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለ ማጉያው ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰማ። ከንፈሩ አብሮ አልተንቀሳቀሰም፤ ቆጠራው ከእኔ ድምፅ ሥር ጠፍቷልና የሚይዘው ነገር አልነበረም።

ብዙ ከቆየን በኋላ፣ የማወቅ መብት ሳይኖረኝ፣ "ምን ይላሉ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ስለ ከብት ነው" አለኝ። "አሁን ስለ ከብት ብቻ ነው።"